ክረምቱን የት ከረምህ? ስለ ካላዛር ምርመራና ምርምር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ የካላዛር ምርመራና ስለ ምርመራው የሚደረገው ጥናት ሕመምተኛው ወደሚመለስበት ወረዳ እንዲደርስ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ደጋማ ወረዳ፣ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። ወረዳችን በካላዛር ካርታ ላይ ቀለም አልተቀባም። በሽታው የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ፣ በስተደቡብም በኦሞና በሰገን ሸለቆዎች ስለሆነ የእኛ ጤና ጣቢያ የካላዛር መመርመሪያ አይደርሰውም፤ በወርኃዊ ሪፖርታችን ላይም የበሽታው ስም የሚጻፈው ከስንት አንዴ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ የወረዳችን ወጣት በሶና ቆሎውን ቋጥሮ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላም አንዳንዱ ትኩሳት ይዞት ወደ እኔ መስኮት ይመጣል። በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው ከዚያ መስኮት የሚታየውን ነው። ካላዛር በቆላ ይያዛል፣ በደጋ ይሳታል። ስለዚህ መመርመሪያውም፣ ስለ መመርመሪያው የሚደረገው ምርምርም ሠራተኛውን ተከትሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ዘንድ እጠይቃለሁ።

አንድ ያጋጠመኝን ላንሣ። ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያላለፈ ወጣት እናቱ ደግፋው ወደ ላቦራቶሪያችን መጣ። ክንዱና እግሩ ቀጥነው ሆዱ ግን ተነፍቶ ነበር፤ ጣፊያው ወደ እምብርቱ ወርዷል። እናቱ በፌስታል ጠቅልላ የያዘቻቸው ሦስት ወረቀቶች ከተለያዩ የሕክምና ቤቶች የተሰጡት ናቸው፤ አንዱ ወባ፣ ሁለቱ ታይፎይድ ይላሉ። በሀገራችን ትኩሳት ይዞት ሕክምና ቤት የሄደ ሰው ታይፎይድ ሳይባል ቢመለስ ብርቅ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ የድሮውን ሕመም ከዛሬው ለይቶ ስለማያውቅ ከባለሙያው ይልቅ ጥርጣሬውን ሲያገለግል ኖሯል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። እኔም በበኩሌ የልጁን ደም በስላይድ ላይ አድርጌ ወባ ፈለግሁ፣ አጣሁ፣ «የለም» ብዬ ጻፍሁ፣ ሥራዬንም የጨረስሁ መሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሶበት ሲመለስ እናቱ፣ «ልጄ፣ ከመተማ ከመጣ ወዲህ እኮ እንዲህ ነው፤ እናንተ ግን አልጠየቃችሁን» አለችኝ።

ልጁ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፤ ከጣፊያው በተቀዳው ናሙና ውስጥ የካላዛር ተሕዋስ ታየ፤ በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ እየተወጋ 17 ቀን ታከመና ዳነ። ቤተሰቡ ግን ለመዳኑ አንድ በሬ ሸጧል፤ በሬው የተሸጠውም ለመድኃኒቱ አልነበረም፣ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለታከመው የሌለበት በሽታ፣ ለመኪና፣ ለአልጋና ለአስታማሚ ቀለብ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ወራት ያልተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምቱን የት ከረምህ?

በሽታውን በቅርብ ለማያውቁት ወገኖቼ ጥቂት ልበል። ካላዛር የሚመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ በሚባል በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን የምታስተላልፈውም የአሸዋ ዝንብ ናት። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ የምትኖረው ዝርያ ጥቁሩን የዋልካ አፈርና የግራሩን ጥላ ትወዳለች፤ በበጋ የሚሰነጠቀው የዋልካ መሬት መደበቂያዋና ምናልባትም መራቢያዋ ነው። በደቡቡ ደግሞ ሌሎች ዝርያዎች ከኩይሳ ጋር ተያይዘው ይኖራሉ። ተሕዋሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በሽታን ሊከላከሉ በተፈጠሩት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ጣፊያን፣ ጉበትንና ቅልጥምን ይወርራል፤ ደም ያንሳል፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል፣ ደም የሚያረጉት ቅንጣቶች ይመናመናሉ። ሕክምና ያላገኘ ሕመምተኛ ከመቶ ከ95 በላይ በሆነ ዕድል ይሞታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም የተዳከመውን ሰውነት ተከትሎ የሚመጣ የሳንባ ምች፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ተቅማጥ ወይም የደም መፍሰስ በመሆኑ ካላዛር በሞት መዝገብ ላይ እንኳ በስሙ የማይጻፍበት ጊዜ አለ።

ከንክሻው እስከ ሕመሙ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ነው። የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በሰሊጥ ማሳ ዳር ከግራር ሥር ያደረ አጫጅ፣ ሕመሙ ሲጀምረው ማሳው ላይ የለም፤ ደመወዙን ተቀብሎ፣ የእህቱን ሠርግ በልቶ፣ አባቱን እርሻ እያገዘ ነው። ትኩሳቱን የሚያየው በቆላው ያለው፣ ካላዛርን እንደ ጎረቤቱ የሚያውቀው ነርስ መሆኑ ይቀርና፣ ካላዛርን በትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ ብቻ ያየው የደጋው ነርስ ይሆናል።

ይህ የእኔ ወረዳ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ሊቦ ከምከምን አስታውሱ። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች፣ ካላዛር ከዚያ በፊት ባልታወቀበት ደጋማ ስፍራ ሰዎች እየከሱ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ነገሩ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ሕክምና ጀመሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማን ታከሙ። በሽታው በዚያ እንዴት እንደገባ የመረመሩት ባለሙያዎች ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መጥተው ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል፤ ውጭ፣ በተለይም ከግራር ሥር ማደርም ለበሽታው እንደሚያጋልጥ በዚያው ተጠንቷል። እንግዲህ አንድ ሕመምተኛ በደጋ ሲሳት የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ዝንቧ ባለችበት ቦታ የሳትነው ሕመምተኛ የሌላው ሰው ሕመም መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ መመርመሪያው ልምጣ፤ ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝም እርሱ ነውና። ለካላዛር በስፋት የምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ አር ኬ 39 የሚባለው ነው። አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ጠብታ ማሟሟያ፣ ከዚያም የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃዋል፤ መብራት አይጠይቅም፣ ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም። ለእንደ እኔ ላለ የገጠር ላቦራቶሪ ከዚህ የተሻለ ነገር ማን ይመኛል? ችግሩ መመርመሪያው የተሠራበት ፕሮቲን በመጀመሪያ የተገኘው ከላቲን አሜሪካ የተሕዋሱ ዝርያ መሆኑ ነው፤ በእኛ አካባቢ ያለው ተሕዋስ ደግሞ ከዚያ በጥቂቱ ይለያል፤ የሕዝባችን ሰውነት የሚያመነጨው የመከላከያ መጠንም ከእስያው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ ይኸው መመርመሪያ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከመቶ ሕሙማን 97 ያህሉን ሲለይ በምሥራቅ አፍሪካ የሚለየው 85 ያህሉን ነው። በወረቀት ላይ 85 ጥሩ ውጤት ይመስላል። በመስኮቴ ፊት ከሚሰለፉት ሕሙማን ግን ከመቶው አሥራ አምስቱ «የለብህም» ተብለው፣ የጤና ጣቢያ ማኅተም ታትሞላቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ማለት ነው። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይከፋል።

ሁለተኛው ችግር መመርመሪያው የሚያየው ሰውነት ለተሕዋሱ የሰጠውን ምላሽ እንጂ ተሕዋሱን ራሱን አለመሆኑ ነው። ሰውየው ታክሞ ከዳነ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ውጤቱ «አለበት» ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በሽታው ያገረሸበትን ሰው በዚህ መለየት አይቻልም። በእነዚህ ሁሉ ላይ መልሱ አሁንም አንድ ነው፤ የጣፊያ መርፌ።

የጣፊያ መርፌን ያላየ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ቀጭን መርፌ በሆድ በኩል ባበጠው ጣፊያ ውስጥ በቅጽበት ይገባና ይወጣል፤ የወጣችው ጠብታ በስላይድ ላይ ተለጥጣ በጊምሳ ትቀለማለች፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ከየትኛውም ምርመራ በላይ አስተማማኝ ነው፤ ከቅልጥም ከሚቀዳው ናሙናም ይበልጣል። ነገር ግን ጣፊያ ደም የሞላበት አካል ነው፤ ካላዛር ደግሞ ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶች ያሳንሳል፤ ስለዚህ ከመርፌው በፊት የደም መርጋት ይለካል፣ ከመርፌው በኋላም ሕመምተኛው ለሰዓታት ተኝቶ ይጠበቃል፣ ደም ቢፈስሰው የሚተካለት ደም በአቅራቢያ መኖር አለበት። ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ኤች አይ ቪ ያለበትና በሽታው ደጋግሞ የሚያገረሽበት ሕመምተኛ ግን ይህን መርፌ በየጊዜው ይወጋል። በሕመምተኛው ቦታ ሆኖ ላሰበው፣ ከምርምር ጥያቄዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህን መርፌ የሚተካ ነገር መፈለግ ነው።

ሌሎች መንገዶች መኖራቸውን አውቃለሁ። ዳት የሚባለው የደም ምርመራ በእኛ አካባቢ ከአር ኬ 39 የተሻለ ሕሙማንን ይለያል፤ ይሁን እንጂ ናሙናው ተቀምሞ ማደር አለበት፤ ውጤቱ የሚነበበው በማግሥቱ ነው፤ የሠለጠነ ዓይንም ይፈልጋል። ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣን ሕመምተኛ «ነገ ና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። የተሕዋሱን ዘረመል አባዝቶ የሚያሳየው ላምፕ የተባለው ዘዴም አለ፤ በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ከሚሠራው የዘረመል ምርመራ ከፒሲአር ይልቅ ቀላል መሣሪያ የሚበቃው ስለሆነና ከደም ጠብታ ተሕዋሱን ራሱን ስለሚፈልግ እኔ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የማደርገው በእርሱ ነው። ጥያቄዬ እነዚህ ዘዴዎች በየትኛው ቦታ ይፈተኑ የሚለው ነው። እስካሁን የተፈተኑት በአብዛኛው በሕክምና ማዕከላት፣ በሽታው ጠንቶባቸው ተልከው በመጡ ሕሙማን ላይ ነው። ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ሥር ገና ብቅ ያለ፣ ትኩሳቱ ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ ሰው በዚያ ጥናት ውስጥ የለም፤ እርሱ ያለው በደጋው ጤና ጣቢያ ነው። አንድ መመርመሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታወቀው በሽታው ራሱን ባላጋለጠበት ጊዜ ሲፈተን ነውና፣ ጥናቱ ወደዚያ መውረድ አለበት።

ይህን ማድረግ እንደምንችል በወባ አይተናል። ለወባ በብዛት የምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ ተሕዋሱ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን የሚፈልግ ነበር። ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ዘረመል የጎደለባቸው የወባ ተሕዋስያን በኤርትራ ከተገኙ በኋላ፣ የሀገራችን ተመራማሪዎች በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አሳወቁ፤ መመርመሪያው ሊያያቸው የማይችሉ ተሕዋስያን በእኛም ዘንድ መኖራቸው ተረጋገጠ። ከዚያ የተማርነው የመመርመሪያ ምርጫ ከመጋዘን ዋጋ ዝርዝር እንደማይጀመር ነው፤ በራሳችን ሕሙማን ደም ከመፈተን ይጀምራል። ለወባ የተደረገው ለካላዛር የማይደረግበትን ምክንያት አላየሁም፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው ከሚለው በስተቀር። ቁጥሩ ጥቂት የሆነው ግን በከፊል ስላልፈለግነው ነው።

ስለ ሕክምናውም እንዲሁ ነው፤ የሌላ ሀገር መልስ እንዳለ እንደማይሠራ በውድ ዋጋ ተምረናል። አምቢዞም የሚባለው መድኃኒት በሕንድ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከመቶ 95 ያህሉን ፈውሷል። ያ የአንድ ቀን ሕክምና በእኛና በሱዳን ሲሞከር ብዙዎቹን ሳይፈውስ ስለቀረ ጥናቱ ከመንገዱ ተቋረጠ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ የተሕዋሱም ስም ያው ነው፤ ሕመምተኛውና አገሩ ግን ሌላ ነው። የአሸዋ ዝንቡም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በደቡብ እስያ ዝንቧ ከሰው ቤትና ከከብት በረት ጋር የተላመደች ስለሆነች ግድግዳ ላይ መድኃኒት መርጨት ጠቅሟል፤ ባንግላዴሽም እ.ኤ.አ. በ2023 በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን መውጣቱ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። የእኛ ሠራተኛ የሚነከሰው ግን ግድግዳ በሌለበት ነው፤ በሜዳ ላይ፣ በሸራ ሥር፣ በሌሊት አጨዳ ላይ። የሚረጨው ግድግዳ ከየት ይምጣ?

በሌላ በኩል በእኛው ምድር የተደረገው ምርምር ምን እንደሚያስገኝም አይተናል። ድሮ ሕክምናው የ30 ቀን የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ነበር፤ ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን የሚጎዳ መድኃኒት መሆኑን የሰጡት ሁሉ ያውቃሉ። ጎንደርና አርባ ምንጭን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር ሲጣመር 17 ቀን እንደሚበቃ አሳየ። አሥራ ሦስት ቀን ተቀነሰ ማለት ለተመራማሪ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ለአስታማሚዋ እናት ግን አሥራ ሦስት ሌሊት በሆስፒታል ኮሪደር ላይ አለማደር ነው። ከዚያ ወዲህ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ከ400 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን መስጠት ከመቶ ከ90 በላይ እንደሚፈውስ አረጋግጧል፤ ልብን የሚያሰጋው መርፌም በዚህ ይቀራል። ሚልቴፎሲን ለነፍሰ ጡር አይሰጥምና ለሴቶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በጎንደርና በአብዱራፊ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ አምቢዞምን ከሚልቴፎሲን ጋር ማጣመር አምቢዞም ብቻውን ከሚሰጠው እጅግ የተሻለ መሆኑን በማሳየቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው መመሪያ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ሆኗል። ከመቼ ወዲህ ነው የሰሊጥ አጫጅ ደም ለዓለም መመሪያ መሠረት የሆነው ብዬ እደነቃለሁ፤ ያኮራኛልም። ጨርሶ መርፌ የሌለበት፣ የሚዋጥ አዲስ መድኃኒትም በሀገራችን በሙከራ ላይ ነው።

ነገር ግን እነዚህ መልካም ዜናዎች ሁሉ የሚጀምሩት ሕመምተኛው የሕክምና ማዕከሉ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሕክምናው ከ30 ወደ 17፣ ከ17 ወደ 14 ቀን ሲያጥር፣ ከትኩሳቱ መጀመሪያ እስከ ማዕከሉ በር ያለው ጊዜ ባለበት ቆሟል። ያ ጊዜ ስንት እንደሆነ በሥርዓት የሚለካ መዝገብ በእኔ ጤና ጣቢያ የለም፤ አንድ ሕመምተኛ «ካላዛር አለበት» ተብሎ ሲመዘገብም የሚጻፈው የታከመበት ቦታ ነው፤ የሠራበት እርሻና የተመለሰበት ቀበሌ ጎን ለጎን አይጻፉም። ካርታው ቆላውን ብቻ የሚያሳየው ለዚህ ነው። የእኔ ወረዳ ባዶ ሆኖ የሚታየው በሽታው ስለሌለ አይደለም፤ የእኛ ልጆች በሌላ ወረዳ ስም ስለሚቆጠሩ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ከጤና ሚኒስቴር የምጠይቀው፣ ሠራተኛ ወደ ቆላ በብዛት የሚልኩ ደጋማ ወረዳዎች ተለይተው በእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ጤና ጣቢያ የካላዛር መመርመሪያ እንዲኖረው ነው። የሀገራችን የካላዛር መመሪያ እንደሚለው ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ያለበት፣ ጣፊያው ያበጠ ወይም ክብደቱ የቀነሰ፣ ወደ በሽታው አካባቢም ሄዶ የመጣ ሰው ካላዛር ሊጠረጠር ይገባል። ይህ መመሪያ ጥሩ ነው፤ ግን በደጋው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁትም። በትኩሳት ሕመምተኛ ካርድ ላይ «ባለፈው አንድ ዓመት ወደ ቆላ ወርደሃል ወይ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ወጪው የቀለም ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነና ፈጣን መመርመሪያው «የለም» ካለ ደግሞ ነገሩ በዚያ መዘጋት የለበትም፤ አሥራ አምስቱ የሚጠፉት በዚያች ቅጽበት ነውና፣ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ለቀጣይ ምርመራ የሚላክበት መንገድ በግልጽ ይጻፍ።

ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የካላዛር መዝገብ የሠራበትን እርሻና የመኖሪያ ቀበሌውን እንዲይዝ ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም አዲስ የካላዛር መመርመሪያ ለመላው ሀገር ከመገዛቱ በፊት ከሰሜን ምዕራቡም ከደቡቡም በተሰበሰበ ናሙና እንዲፈተን ነው። የደቡቡን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝንቧም የተሕዋሱም ዝርያዎች ከሰሜኑ ሊለዩ ስለሚችሉ፣ ጎንደር ላይ የሠራው መመርመሪያ ኮንሶ ላይ በዚያው ልክ ይሠራል ብሎ መገመት የሕንዱን ስሕተት በገዛ ሀገራችን ውስጥ መድገም ይሆናል።

ለአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩትና በየዩኒቨርሲቲው ላላችሁ ተመራማሪዎች ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የዚህ ሀገር ሰው በራሱ ወንዝ ዳር ቆሞ ማጥናት ምን እንደሚያፈራ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በዓድዋ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ሲያዩ አሳይተዋል፤ እርሳቸው ለካላዛርም ጥናት ከደከሙት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የሚያስፈልገን እንደዚያው ያለ፣ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሠራተኛውን በዓመቱ ዑደት የሚከተል ጥናት ነው፤ በክረምት ሲወርድ ደሙን የሚያይ፣ በበልግ ከቤቱ የሚጎበኘው፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ተሕዋሱን ይዞ ሳይታመም እንደቀረ የሚለይ። በእኛ አካባቢ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነው የሚዞረው ወይስ የዱር ወይም የቤት እንስሳ ያስጠልለዋል የሚለው ጥያቄ ገና አልተቋጨም፤ መልሱ ሳይታወቅ በሽታውን ማጥፋት ይቻላል ማለት ያስቸግራል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጣፊያውን ለጥናት የሰጠ ሰው ውጤቱ በምን ቋንቋ እንደታተመ እንኳ አያውቅም። ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ወደ ጤና ጣቢያው ቢላክ፣ እኔ በገበያ ቀን ላነብላቸው ቃል እገባለሁ።

የእርሻ ባለሀብቶችንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ሠራተኛው የሚያድረው በእነርሱ መሬት ላይ ነው። አጎበርና ከግራር ጥላ የራቀ ማደሪያ ከሰሊጥ ዋጋ አንጻር ወጪ ሊባል አይገባውም። ይህ ግን የእናንተ ብቻ ሥልጣን ስላልሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ካላዛርን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2023 በናይሮቢ በጋራ ስልት ላይ ሲስማሙ ሀገራችንም ከመካከላቸው ነበረች። ከዓለም የካላዛር ሕሙማን ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆኑት አሁን በዚህ ክፍለ አህጉር ናቸው፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ሕፃናትና ለጋዎች ናቸው። የስልቱን ሰነድ አንብቤዋለሁ፤ ሕሙማንን ቀድሞ ስለ መለየት የሚለው ክፍል እኔ ከምለው የተለየ አይደለም። የቀረው ነገር «ቀድሞ» የሚለው ቃል በየትኛው ወረዳ እንደሚጀምር መወሰን ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በመናኸሪያዎቻችን የመተማ መኪና ጥሪ ተጀምሮ ይሆናል። ዘንድሮ የሚወርደው ሠራተኛ የሚመለሰው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ከመካከላቸው የሚታመመውም ከዚያ ወዲያ ይመጣል። መመርመሪያው እስከ ታኅሣሥ ቢደርሰኝ፣ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀውና ልመረምረው እችላለሁ፤ መደርደሪያውን ቦታ አስለቅቄ ጠብቄያለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
በአንድ ደጋማ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ሠራተኛ ወደ ቆላ ለሚልኩ ወረዳዎች ጤና ጽሕፈት ቤቶች